ፍላሽ የማይወደው አያ አስማረ

አያ አስማረ ማረፉን የሰማሁት ጫግኒ ገበያ ላይ በርበሬ እያገላበጥኩ ነው። የደወለችልኝ እንጅባራ ሳለሁ ጎረቤቴ የነበረች ሴት ናት። "አስማረ አረፈ እኮ፤ ቀብሩ ነገ ዳንግላ ነው" አለችና ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሼ ብደውል አልገባ አለ። በርበሬ ሻጯ "ትወስጃለሽ አትወስጅም?" ትለኛለች፤ እኔ አንዷን ዛላ በሁለት ጣቴ ይዤ ደርቄ ቀርቻለሁ።

መጀመሪያ የመጣብኝ አቋቋሙ ነው። ግራ ትከሻውን የዳስ ምሰሶ ላይ አስደግፎ፣ ክርኖቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ አፉን ትንሽ ከፈት አድርጎ ትንፋሹን ቀስ እያለ ሲያስወጣ። እንዲያ ቆሞ ካያችሁት ሰርጉ ቢያብድ፣ ዳሱ ቢፈርስ አይሰማም። አንድ ጊዜ የወጥ ሳህን ትከሻው ላይ ተደፍቶበት እንኳ ካሜራውን ከዓይኑ አላወረደም። ፎቶ ቤት ስንመለስ ነው ኮቱን አገላብጦ አይቶ "ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?" ብሎ እኔን የጠየቀኝ።

ፎቶ ቤቱ እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው ገና ግንባታ ላይ የነበረበት ጊዜ ነው፤ ከተማው ውስጥ ገልባጭ መኪናና ጭቃ እንጂ ሌላ አይታይም። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብዬ ፎቶ አስተካክላለሁ፣ አትማለሁ፣ ጉርድ ፎቶ የሚፈልገውን አነሳለሁ። ሰርጉና ክርስትናው የእሱ ነው፤ ሥራ ሲበዛ ደግሞ አብሬው እወጣለሁ። ዕድሜው ከአባቴ ብዙም አይርቅምና መጀመሪያ ሰሞን አንቱ እለው ነበር። "ተይ እንጂ ትርንጎ" አለኝ፤ "አንቱ ስትይኝ ቀጥ ብዬ መቆም ያምረኛል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ደግሞ አልወድም።" ከዚያ ወዲህ አንተ ሆነ።

ረጅም ነው፤ ትንሽ ጎበጥ ይላል። ክረምት ከበጋ የማይወልቅ ወፍራም ኮት ነበረው። ካሜራውን አንገቱ ላይ አያንጠለጥልም፤ ኮቱ ውስጥ ደረቱ ላይ ያቅፈዋል። መንገድ የሚያገኙት ሁሉ "አያ አስማረ፣ ደግሞ ማንን ወለድክ?" እያሉ ይተርቡታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የእንጅባራን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በብርድ የዋለ ሌንስ ሰው የታጨቀበት ሞቃት ቤት ሲገባ ላብ ይለብሳል። ሌላው ፎቶ አንሺ በር ላይ ቆሞ በመሐረብ ሲጠርግ አያ አስማረ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል።

ከሁሉ በላይ ግን ስሙ የሚነሳው ፍላሽ ባለመውደዱ ነው። አንዳንዶች እንደሚያወሩት በወጣትነቱ ዳንግላ ገጠር ውስጥ ዳስ በር ላይ ፍላሽ ሲያበራ የሙሽራው በቅሎ ደንብራ፣ ሙሽራውን እንደተሸከመች በዳሱ በዚህ ገብታ በዚያ ወጣች። ሙሽራው የተገኘው ጎረቤት ጓሮ፣ ጎመን መሃል ነው ይላሉ። እሱ ይህን ሲሰማ እያሳሳቀ ያልፈዋል እንጂ አያስተባብልም። እኔ አጥብቄ ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ ሌላ ነው። "ፍላሽ ሰውየውን ያወጣልሻል፣ ቤቱን ያጠፋብሻል" አለኝ። "ፊቱ ነጭ፣ ኋላው ድፍን ጥቁር። እናቱ ያስቀመጠችው ማድጋ የት ሄደ? ጭስ ያጠቆረው ግድግዳ የት ሄደ? ሰው እኮ ቤት አለው።"

ችግሩ የእኛ አገር ቤት ጨለማ ነው። አንድ በር፣ መዳፍ የምታህል መስኮት፣ ቢቀቡት ነገ ተመልሶ የሚጠቁር ግድግዳ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ የሚንቀሳቀስ ሰው ማንሳት ከባድ ነው። ካሜራው ብርሃን እስኪለቃቅም ሲጠብቅ ሰውየው ቦታውን ለቆ ሄዷል፤ ፎቶው ላይ የሚቀረው ጅራቱ ነው። እኔ ያነሳኋቸው የመጀመሪያዎቹ ሰርጎች በሙሉ ጅራት ነበሩ። ሙሽራይቱ ጅራት፣ ሚዜው ጅራት። አያ አስማረ አንድ በአንድ እያየ "ይቺ እንኳ ቆንጆ ጭስ ናት" ይለኝ ነበር።

እሱ የሚጠቀመው አጭር ሌንስ ነው፤ ሩቁን አያቀርብም፣ ግን ዓይኑ ሰፊ ነው፣ ብርሃን ያስገባል። ሩቁን ለማቅረብ በእግሩ ይሄዳል። ካሜራው በትንሽ ብርሃን እንዲያይ የሚያደርገውን ቁጥር ደግሞ ያለ ይሉኝታ ከፍ ያደርገዋል። እንዲያ ሲሆን ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ እኔ ኮምፒውተር ላይ ያን አሸዋ ለማጥፋት ስታገል ከኋላዬ መጥቶ ይቆማል። "አሸዋውን ተይው። ሰው በአሸዋ ውስጥም ይታያል። የደበዘዘውን ግን የወለደችው እናቱም አታውቀውም።"

ሌላ ደግሞ እዚህ አገር ሰው ላይ ብቻ ያየሁት ችግር አለ። ካሜራ ሲያይ ጨዋታውን ያቆማል። ለእኛ ፎቶ የክብር ነገር ነው፤ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው ቀጥ፣ ድርቅ። አንድ ጊዜ አዲስ ቅዳም ከተማ ሰርግ ሄድን። ዳሱ ይንቀጠቀጣል፣ እስክስታው ጦፏል። አያ አስማረ ካሜራውን ከኮቱ ገና ብቅ ከማድረጉ አንዱ ሚዜ "በሉ ፎቶ ነው፣ ቀጥ በሉ!" ብሎ ጮኸ። ጨፋሪው ተሰልፎ እጁን ከጎኑ አወረደ። ከበሮ መቺዋ ሳትቀር አንድ እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። እኔ ብሆን ተቆጥቼ ነበር። እሱ ካሜራውን ኮቱ ውስጥ መለሰና "የምን ፎቶ? እኔ ልጨፍር ነው የመጣሁት" ብሎ መሃል ገባ።

ጭፈራ ደግሞ አይችልም። የሚሠራው አንድ ትከሻው ብቻ ነው፤ ሌላው ዝም ብሎ ያያል። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ ከበሮው ተመለሰ፣ ዳሱ እንደገና ጦፈ። መቼ ካሜራውን እንዳወጣው ማንም አላየም። የዚያን ቀን ካነሳቸው ውስጥ አንዲት ሴት አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ሹሩባዋ አየር ላይ ተበትኖ፣ ጥርሷ ሁሉ እየሳቀ የወጣችበት አለ። ሹሩባዋን አንድ በአንድ መለየት ይቻላል። ባሏ ፎቶውን ሊወስድ መጥቶ ብዙ ካየው በኋላ "ይቺ እኔ ቤት ያለችው ናት?" አለ። አያ አስማረ "አንተ ከቤት ስትወጣ የምትሆነው ናት" አለውና ሦስታችንም ሳቅን።

የሚንቀሳቀስ ነገር እንዴት እንደሚያዝ እኔን ያስተማረኝ በሎሚ ነው። ሥራ በቀዘቀዘበት ቀን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሎሚ ወደ ላይ እየወረወረ "አንሽው" ይለኛል። አነሳለሁ፤ ጅራታም ሎሚ። "ሲወጣ አታንሽው፣ ሲወርድም አታንሽው። ጫፍ ላይ ሲደርስ አንዴ ያስባል፤ ልመለስ ወይስ ልሂድ ይላል። ያኔ አንሽው።" ትከሻም እንዲሁ ነው ይላል። የሚዘልም ሰው፣ የሚስቅም ሰው፣ የሚያለቅስም ሰው አንዴ የሚያርፍባት ቦታ አለችው። ቁም ብለው የሚያቆሙት ሰው ፎቶው ላይ ሞቶ ነው የሚወጣው፤ ራሱ ያረፈውን ግን ጨለማም አያደበዝዘውም። ይህን ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል። እኔም ሎሚዋን በስንት መከራ አንድ ቀን አቆምኳት፤ እሱ ሎሚዋን ቆርጦ ሻይ ውስጥ ጨመቀልኝና "ይኸው ደመወዝሽ" አለኝ።

እናትነሽ ፎቶ ቤታችን የመጣችው ሰርጓ ሲቃረብ ነው። ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ ገጠር የተወለደች፣ ከተማ ቤት ተከራይታ የምታስተምር ልጅ ናት። ሙሽራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አልበሙ ትልቅነት ነው። እሷ ግን ቁጭ ሳትል "አባቴን አጥርቶ የሚያነሳ ሰው ነው የምፈልገው" አለች። ከቦርሳዋ የወንድሟን የሰርግ ፎቶዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሽማግሌው ሰውዬ ሁሉም ላይ አሉ፤ ሁሉም ላይ ግን የሉም። እጃቸው ጉም ነው፣ ፊታቸው ሁለት ሁኖ ወጥቷል።

አባቷ አያ ፈንቴ ይባላሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወስዳቸው መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ያቀልላቸዋል እንጂ ጨርሶ አይተዋቸውም። የወንድሟ ሰርግ ላይ የነበረው ፎቶ አንሺ ሕዝብ በተሰበሰበበት "አባባ አይንቀሳቀሱ! አባባ እባክዎ አይንቀሳቀሱ!" እያለ ደጋግሞ ጮኸባቸው። ክፋት አልነበረውም፤ ሥራውን ሊሠራ ነው። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እጃቸውን ከጋቢ ውስጥ አላወጡም። ጽዋ ከእጄ ይፈሳል ብለው ማኅበር ቀሩ፣ ሰንበቴ ቀሩ። አሁን ደግሞ የእሷን ምርቃት ለታናሽ ወንድማቸው አሳልፈው ሰጥተዋል።

"'የሚንቀጠቀጥ እጅ አይመርቅም፤ አጎትሽ ይመርቅሽ፣ እኔ ጓዳ እሆናለሁ' አለኝ" አለች እናትነሽ። "አያ አስማረ፣ እኔ አባት እያለኝ በሌላ ሰው አፍ ተመርቄ ከቤት አልወጣም። ፎቶውስ ይቅር። ከጓዳ እንዲወጣልኝ ነው የምፈልገው።"

አያ አስማረ ፎቶዎቹን ሰብስቦ መልሶ ሰጣትና "ቤቱን ልየው" አለ።

ቤቱን ቀድሞ ማየት ልማዱ ነው። ከሰርጉ ቀናት በፊት ይሄዳል፣ መሃል ቤት ይቆማል፣ መዳፉን ፊቱ ፊት ዘርግቶ ቀስ እያለ ይዞራል። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ የሚያየው እጁ ላይ ነው። የማያውቁት ሰዎች ድግምት የሚደግም ይመስላቸዋል። የዚያን ቀንም የእናትነሽ አክስት ማማሰያዋን እንደያዘች ደንግጣ እያየችው "ይኼ ሰውዬ ደህና ነው?" ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

አያ ፈንቴ መደቡ ላይ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ አድርገው ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ጠይም፣ ግንባራቸው ሰፊ ሰው ናቸው። ሰላምታ ስንሰጣቸው በጋቢው ላይ ነው የጨበጡን። "ልጄ ስላስቸገረቻችሁ ነው እንጂ እኔ ፎቶ አልወጣም፤ ይቅር በሉኝ" አሉ። አያ አስማረ አልተከራከራቸውም። ጥግ ላይ ወደተከመረው ቀርከሃ እያየ "ይኼን የሚሠራው ማነው?" አለ።

"እኔ ነኛ። ለድግሱ ቅርጫት ጎድሏል። ማን ሊሠራው ነው?"

"እስኪ ያሳዩኝ።"

ሽማግሌው ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ቢላዋውን አነሱና አንድ ቀርከሃ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መሰንጠቅ ጀመሩ። እኔ ፈራሁ፤ ያ እጅ ስለት ይዟል። ግን ቀርከሃው ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጥታ ወረደ። ስንጣሪውን አንስተው ማስገባት፣ ማጠፍ፣ መሳብ ያዙ። እኔ ስለ ሥራው እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ይመልሱልኛል። አያ አስማረ ወደ በሩ ሸሽቶ መቃኑን ተደግፏል። ትንፋሹን ሲያስወጣ ሳየው ካሜራው ወጥቷል ማለት ነው አልኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጥቶ አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጠና የካሜራውን መስኮት አሳያቸው። አያ ፈንቴ ሥራውን አስቀምጠው አጎንብሰው አዩ። እጃቸው ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መልሰው ጋቢው ውስጥ ከተቱት።

"ይኼ የማን እጅ ነው?"

"የርስዎ ነዋ።"

"የኔ አይዶለም። የኔ ይንቀጠቀጣል።"

"አሁን ያነሳሁት ነው፣ አያ ፈንቴ። ጭረቷን አያዩዋትም?" አውራ ጣታቸው ላይ የድሮ የቢላዋ ጠባሳ ነበር።

ሽማግሌው ጣታቸውን ከጋቢው አውጥተው ፎቶው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። "ሐኪሙም እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "አላመንኩትም። ሥራ ላይ ሳለሁ እጄን መች አየውና? የማየው ሥራውን ነው። እጄን የማየው ሥራ ስፈታ ነው።"

ይህ ሁሉ ዘመን እኛ ሁላችን ስንሠራው የኖርነው ስሕተት ያን ጊዜ ወለል ብሎ ታየኝ። አክብረናቸው ወንበር እንሰጣቸዋለን፣ "አባባ አርፈው ይቀመጡ" እንላቸዋለን፣ ፎቶ ሲሆን ደግሞ "አይንቀሳቀሱ" እንላቸዋለን። የሚንቀጠቀጡት እኮ ሲያርፉ ነው።

"ቢሆንም" አሉ አያ ፈንቴ፤ "ምርቃት ቀርከሃ አይዶለም። ምን ይዤ ልመርቃት?"

"ነጠላ ትለብስ የለ? ጥለቱን ያስተካክሉላት" አላቸው አያ አስማረ። "ቸኩለው ግን አይጨርሱ። እጅዎን ሥራ ይስጡትና አፍዎ ይመርቅ።"

አያ ፈንቴ ቅርጫቱን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ። በመንገዳችን ላይ "ይመጡ ይሆን?" አልኩት። "እኔ ምን አውቃለሁ?" አለኝ።

የሰርጉ ቀን ሰማዩ ተዘግቶ ዋለ። ሙሽራው ከነሚዜው መጥቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሙሽራይቱ የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ። ምርቃቱ እቤት ውስጥ ነው። ያለን ብርሃን በሩ ብቻ ነው፣ በሩን ደግሞ ሰው ደፍኖታል። አያ አስማረ በሩ ላይ ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ እየለመነ መሬት አስቀመጣቸው። አክስትየዋ ትዝ አለችውና "እታለም፣ ነጭ ጋቢ ካለሽ ያን ከመደቡ ፊት ለፊት ያለውን ጥቁር ግድግዳ ሸፍኚልኝ" አላት። እሷና አንዲት ጎረቤት ጋቢውን ይዘው ቆሙ፤ ከበሩ የገባው ብርሃን እሱ ላይ አርፎ ወደ መደቡ ተመለሰ። ቪዲዮ ቀራጩ ባውዛውን ሊያበራ ሲል "ወንድሜ፣ ይቺን አንዲቷን ለኔ ተውልኝ" አለው። ቀራጩ እያጉረመረመ አጠፋው።

አያ ፈንቴ ከጓዳ ወጡ። መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸው ግን ጋቢው ውስጥ ነው። ወንድማቸው ጎናቸው ተቀመጠ። እናትነሽ ከሙሽራው ጋር ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ፊቷ ላይ ያለውን ልመና ለመናገር አልችልም።

ያኔ አንዱ ሚዜ፣ ልቡ መልካም የሆነ ሰው፣ "አባባ፣ ፎቶ ነው፣ ቀጥ ይበሉ! እንዳይንቀሳቀሱ!" ብሎ ጮኸ። ጋቢው መርገፍገፍ ጀመረ። የሰዉ ዓይን ሁሉ እዚያ ጋቢ ላይ ወደቀ። አያ ፈንቴ ወደ ወንድማቸው ዞሩ፤ ወንድማቸውም ገባውና ሊመርቅ እጁን አነሳ። እኔ አለቀ አልኩ።

አያ አስማረ ካሜራው ዓይኑ ላይ ሳለ ተናግሮ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ካሜራውን ከዓይኑ ሳያወርድ "አያ ፈንቴ፣ ነጠላዋ ዞሯል" አለ።

በእርግጥም ዞሮ ነበር፤ ስትንበረከክ ጥለቱ ወደ ውስጥ ታጥፏል። አባት ልጃቸውን አዩ። ሁለቱም እጃቸው ከጋቢው ወጣና የነጠላውን ጠርዝ ያዙ። ጥለቱን ወደ ውጭ መለሱት፣ እጥፋቱን በአውራ ጣታቸው አስተካከሉት፣ ወደ ትከሻዋ አወጡት። እጃቸው ጸጥ አለ። ከዚያ ነጠላውን ሳይለቁ መመረቅ ጀመሩ፤ መጀመሪያ በአገውኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ።

"ጎጆሽን ያቅናልሽ።"

"አሜን!"

"የወለድሽው ይደግልሽ፣ የዘራሽው ይብቀልልሽ።"

"አሜን!"

"እኔን እንዳኮራሽኝ ልጆችሽ ያኩሩሽ።"

"አሜን!"

አንዱን እጥፋት ይፈቱና እንደገና ያጥፉታል። ያን ያህል የተስተካከለ ነጠላ እንጅባራ አይታ አታውቅም። ምርቃቱ ረዘመ፤ ሽማግሌው ለዓመታት ያጠራቀሙትን አወጡት። አያ አስማረ ግን ካሜራውን አያስጮኽም። ለምን አያነሳም ብዬ ተቁነጠነጥኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሕዝቡ "አሜን" ሲል እሳቸው ለቀጣዩ ቃል አንዴ ትንፋሽ ይስባሉ፣ አፋቸው ይዘጋል፣ ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ያርፋል። ያቺን ማረፊያ እየጠበቀ ነበር። ከዚያ አነሳ፤ በአንዱ አሜን፣ በሌላውም አሜን።

ሙሽራይቱ ከወጣች በኋላ ፈልጌ ዳሱ ጀርባ ግንድ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ካሜራውን ዘረጋልኝ። "እስኪ አንቺ እይልኝ" አለ፤ "እኔ ፈርቻለሁ።" የዚያን ያህል ዘመን አብሬው ስሠራ ፎቶውን ለማየት ሲፈራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አየሁት። አሸዋ አለው። ግድግዳው አለ፣ መደቡ አለ፣ ጥግ ላይ ቅርጫቶቹ አሉ። መሃል ላይ አንድ አባት የልጁን ነጠላ ይዞ ያያታል፤ የጥለቱ ክር ይታያል፣ የአውራ ጣቱ ጠባሳ ይታያል። "ወጥቷል" አልኩት። "ምን ይመስላል?" አለኝ። "አባት ይመስላል" አልኩት። ፊቱን ወደ ሌላ አዞረና ኮቱ ኪስ ውስጥ መሐረብ መፈለግ ጀመረ። ብዙ ፈለገ።

ከዚያ በኋላ እኔ አግብቼ ጫግኒ ወረድኩ። እሱም ጤናው ሲደክም ፎቶ ቤቱን ዘግቶ አገሩ ዳንግላ ገባ። በየበዓሉ እንደዋወል ነበር። ድምፁ ቢደክምም መተረቡን አልተወም፤ ልጅ ስወልድ የላክሁለትን ፎቶ አይቶ ደወለና "ልጅቷን ሳይሆን ጅራቷን ነው የላክሽልኝ" አለኝ።

ለቀብሩ በማለዳ ሚኒባስ ዳንግላ ደረስኩ። ብዙ ሰው ነበር፤ ያጋባቸው ይመስል ከየአገሩ የመጡ ባልና ሚስቶች። እኔ ከቀብሩ እስክንመለስ እንባ አልመጣልኝም፤ ደርቄ ነው የዋልኩት። ለቅሶ ቤቱ ዳስ ውስጥ ተቀምጠን ንፍሮ ሲቀርብ ሰፌዱን ይዘው የሚዞሩትን ሰው ቀና ብዬ አየሁ። አያ ፈንቴ ናቸው። ከልጃቸው ከእናትነሽ ጋር በሚኒባስ መጥተዋል። አርጅተዋል፤ እግራቸውም ይጎተታል። በመሃል ቆም ሲሉ ሰፌዱ ይርገበገባል፤ መዝገን ሲጀምሩ ይረጋል።

አንድ ሰው አፍሮ ተነሳና "ኧረ አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ ልጆች አሉ እኮ" ብሎ ሰፌዱን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ።

"ልጆቹ ይቀመጡ" አሉት። "እኔ አስማረ ቤት መጥቼ እጄን ደብቄ አልቀመጥም።"

ሰውየው ሰፌዱን ለቀቀላቸው። ወደ እኔ መጡ፣ ማን እንደሆንኩ አወቁኝ። አንድ እጅ ሙሉ ንፍሮ ዘገኑልኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው፤ አንዲት ፍሬ አልወደቀችም። ቀኑን ሙሉ እምቢ ያለኝ ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ።